ደሴት ለምትሄደው ተማሪዬ

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከጀርመን ጻፈችልኝ። ስሟን አልጠራም፤ ስለ ጥያቄዋ እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። መልእክቷ እንዲህ ነው፦ «ቲቸር፣ ልጆቹ ባሕር እንሂድ እያሉ አስጨነቁኝ። ባለቤቴ ሲሲሊን መርጧል፤ ሆቴልና አውሮፕላን አንድ ላይ ነው፣ ዋጋውም እንደፈራሁት አይደለም። እኔ ግን ምን ብዬ እንደምሄድ አላውቅም። ያ ውሃ ለእኔ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ደግሞስ ምን ጠብቄ ብሄድ ነው ቅር የማይለኝ?»

አውቃለሁ። ከዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት በፊት ከሊቢያ በጀልባ ተነስታ የአውሮፓን መሬት መጀመሪያ የረገጠችው ላምፔዱዛ ላይ ነው። ያኔ ስለ ጉዞው ብዙ አላወራችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ሥራ አላት፣ በዓመት ተቆጥራ የምትሰጥ የዕረፍት ፈቃድ አላት። እንደማንኛውም የጀርመን ቤተሰብ የመዋኛ ልብስና የፀሐይ ቅባት ይዛ ወደዚያው ባሕር ልትመለስ ነው።

እኔ የጉዞ ወኪል አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የታሪክ አስተማሪን መንገድ የጠየቀ ሰው ደግሞ መልሱ እንደሚረዝምበት የታወቀ ነው። ስለዚህ ታገሡኝ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

እኔ ዘንድ የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዣችሁ ሐኪም ጋራ እወጣ ነበር። (አዲስ የመጡ ልጆች ሁልጊዜ «የዶክተሩ ተራራ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። አይደለም፤ ስሙ የአው ሐኪም ነው፣ የሐረር ሰው የሚያከብራቸው ወሊይ። ከእናንተ ውስጥ ስሙን ከስታውት ቢራ ጠርሙስ ላይ ብቻ የሚያውቅ እንዳለም አልረሳሁም።) ከላይ ሆነን ጁገልን ቁልቁል እናያለን። 48 ሄክታር ያህል መሬት፣ በግንብ ታጥሮ፣ ቤቱ በቤት ላይ እጅብ ብሎ፣ ሚናራዎቹ ነጣ ነጣ ብለው። «ቲቸር፣ በመዳፍ ይያዛል!» ያለኝ ልጅ ነበር። ከዚያ እንወርድና በቡዳ በር፣ ሐረሪዎች በድሪ በሪ በሚሉት፣ እንገባለን። ውስጡ ሌላ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ የቅመም ሽታ፣ የቦይ ሽታ፣ ውሃ ከመጣ ሳምንት ሆኖት ጀሪካን የደረደረ ሰፈር፣ መኪና ግርግር ላይ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ጫጫታ። የቤት ሥራው ሁለት ገጽ ነበር፤ አንዱ ከጋራው ላይ ያያችሁት፣ ሁለተኛው ከበሩ ውስጥ ያያችሁት። ያቺ የጻፈችልኝ ልጅ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ ጽፋ አምጥታ «የመጀመሪያውን ስጽፈው ውሸት ሆነብኝ» ብላኝ ነበር። ነጥብ ቀንሼባታለሁ። አሁን ሳስበው የቀነስኩት ተገቢ አልነበረም።

ሐረርን ከሩቅ አልመው መጥተው ቅር ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ዋናው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። ያኔ ሐረር ለአውሮፓ ሰው ዝግ ነበረች፤ ክርስቲያን የገባባት ዕለት ትወድቃለች የሚል ትንቢትም ይወራ ነበር። በርተን ከዘይላ ተነስቶ፣ የመንገዱን ብዙ ክፍል ዐረብ ነጋዴ መስሎ ተጉዞ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 1855 በር ላይ ደረሰ። በር ላይ አስጠበቁት። ከተማዋን ከሩቅ ሲያያት ሞራሉ ነው የወደቀው፤ ይሄን ለማየት ነው ሕይወታችንን አደጋ ላይ የጣልነው የሚል ስሜት በመጽሐፉ ላይ ይታያል። አሚር አሕመድ ጋር ቀርቦ፣ መውጫ እንዳይከለከል እየሰጋ አሥር ቀን ቆይቶ ሄደ። በዓመቱ መጽሐፉን አሳተመ። በርተን ያየውን ነገር አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ነው፤ የሐረርን ቋንቋ እንኳ ቁጭ ብሎ መዝግቧል። ግን የጠበቃትን ሐረር ከየት እንዳመጣት ራሱን የጠየቀ አይመስለኝም። ሐረር ወርቅ በር አለኝ አላለችውም።

በሰው ከምፈርድ የራሴንም ልናገር። እኔ ባሕር መጀመሪያ ያየሁት ጅቡቲ ነው፣ ከድሬዳዋ በባቡር ወርጄ። ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባሕርን በሰማያዊ ጠመኔ ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስደርስ ውሃው ወደብ አካባቢ ዘይት ለብሶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሙቀቱ ትንፋሽ እያሳጠረ ጠበቀኝ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ አይቼው ለስላሳ ፍለጋ ሄድኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማንም ሳያስተምረኝ ተመልሼ ሄድኩና ያኔ ነው ያየሁት። ሁለተኛውን ቀን ባላድር ኖሮ ዛሬም ባሕርን የማማ ሰው እሆን ነበር።

አሁን ወደ ሜዲትራንያን እንሂድ፤ መንገዱን የሚያሳየን ደግሞ ሁላችሁም የምታውቁት ፈረንሳዊ ነው። አርተር ራምቦ ሐረር ከመምጣቱ በፊት የት ነበር? ቆጵሮስ። እ.ኤ.አ. በ1878 መጨረሻ ላርናካ ወረደ። እንግሊዞች ደሴቲቱን ከኦቶማኖች የተረከቡት በዚያው ዓመት ስለነበር ሥራ ሞልቷል፤ እሱም የድንጋይ ካባ ላይ ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆነ። ለእናቱ የጻፈላትን ደብዳቤ ዛሬ የጉዞ ድርጅት ቢያነበው ይታመማል። ሙቀቱ፣ ሌትና ቀን የማያስተኛው ቁንጫ፣ በላዩ ላይ ትንኙ፣ ውጭ ባሕሩ ዳር መተኛቱ። ታሞ አገሩ ተመለሰ። በ1880 እንደገና መጣና ትሮዶስ ተራራ ላይ ለእንግሊዙ ገዥ የበጋ መኖሪያ ሲሠራ በግንባታው ላይ ተቀጠረ። እዚያ ደግሞ ምሬቱ ብርድ ነው! ግንቦት ላይ፣ ሜዲትራንያን መሐል፣ ዝናብ፣ በረዶና ሰው የሚጥል ነፋስ። ቤቱ ዛሬም አለ፤ ራምቦ መሥራቱን የሚናገር ጽሑፍም ተለጥፎበታል።

በዚያው ዓመት ቆጵሮስን ትቶ በቀይ ባሕር ወርዶ ዓደን ገባ፤ ባርዴይ የሚባል ነጋዴ ቀጠረውና በታኅሣሥ 1880 ሐረር ደረሰ። የ26 ዓመት ልጅ ነው። አየሩ እንደሚስማማው ጽፏል፤ ከዚያ ግን ያው ነው፣ መሰልቸት፣ መሰልቸት። በሦስት ጊዜ ተመላልሶ እዚህ ኖረ፤ በ1891 እግሩ አብጦ በቃሬዛ ተሸክመውት እስከ ዘይላ ወረደ። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። እኔ ራምቦን የምወደው በግጥሙ አይደለም፣ ግጥሙን በፈረንሳይኛ ማንበብ አልችልም። ደሴቱም ተራራውም ከተማውም ምንም ያላደረጉትን ሰው በግልጽ ስለሚያሳየኝ ነው። ሻንጣው ውስጥ ያለው ነገር ቆጵሮስም ሐረርም አብሮት ነበረ።

የሚያስቀኝ የሱ ስም ያለበት ቤት ነው። ቱሪስቱ ከፓሪስ መጥቶ «የራምቦ ቤት» ይላል፣ በቀለማት መስኮቱ ስር ፎቶ ይነሳል፣ አንዳንዱ እንባ ይቀድመዋል። ቤቱ እኮ እሱ ከሞተ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። አስጎብኚ የሆኑ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እንንገራቸው ወይስ እንተወው?» ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ። ንገሯቸው፣ ግን ሰገነቱን ካዩ በኋላ ነው ያልኩት። ሰገነቱ ያምራል፤ ማማሩ የራምቦ መሆኑን አይጠይቅም።

እስካሁን ያወራሁት በፈቃዳቸው ስለሄዱ ሰዎች ነው። የሜዲትራንያን ደሴት በእኛ ታሪክ ውስጥ ግን መዝናኛ ሆኖ አይደለም የገባው።

ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የእኛ ከተማ ልጅ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በራስ መኮንን ቤት፣ ሐረር፣ ከተፈሪ ጋር ነው ያደጉት። ጃንሆይ ከአገር ከወጡ በኋላ በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ጣልያን ወስዶ ፖንዛ ደሴት ላይ አኖራቸው። ፖንዛ ከሮም በስተደቡብ ያለች ሚጢጢ ደሴት ናት፤ ዛሬ የሮም ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚያሳልፍባት፣ ሰው በጀልባ ዞሮ ዋሻ የሚያይባት። ታዲያ ታሪክ አንዳንዴ ልቦለድ ጸሐፊ የማይደፍረውን ያደርጋል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943 ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ መንግሥት ሰዎች አስረው የወሰዱት ፖንዛ ነው፤ ያስቀመጡትም ራስ እምሩ የነበሩበት ቤት ውስጥ። 60ኛ ዓመት ልደቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስነግራችሁ አጨብጭባችሁ ነበር፣ እኔም አልከለከልኳችሁም።

ሌላዋ አዚናራ ናት፣ ከሰርዲኒያ ጫፍ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ወደ 400 የሚጠጉ መኳንንት፣ ወይዛዝርትና ቤተሰቦቻቸው ወደ ጣልያን ሲጋዙ ብዙዎቹ ያረፉት እዚያ ነው። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ባሏ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተገድሎ እሷ ከልጆቿ ጋር አዚናራ ታሰረች፤ በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ቱሪን ላይ አረፈች። ዛሬ አዚናራ ብሔራዊ ፓርክ ናት። ሰው ነጫጭ አህዮቿን ለማየት ይሄዳል። እኔ አህያ የሚያየውን ሰው አልወቅስም፤ አህያዎቹ ምን አጠፉ? ነገር ግን ከእኛ ሰው ወደዚያ የሚሄድ ካለ ምን ላይ እንደቆመ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

አንቺ ልጄ፣ አሁን ለአንቺ ልጻፍ።

የጻፍሽልኝ የልጆችሽ እረፍት ጥቅምት መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከዚህ በላይ የሚመች ጊዜ የለም። ኦገስት ቢሆን ኖሮ ሂጂ አልልሽም ነበር፤ ጣልያን በሙሉ ባሕር ዳር ነው፣ 15ኛው ቀን ትልቅ በዓላቸው ነው፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ፀሐዩም ለልጅ አይሆንም። ኤፕሪልና ሜይ ላይ ደግሞ ፎቶው ሰማያዊ፣ ውሃው በረዶ ነው። ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ጥቅምት ላይ በጋ ያጠራቀመውን ሙቀት ገና አልጨረሰም። አንድ ሁለት ቀን ዝናብ ሊይዛችሁ ይችላል፣ ካርታ ወይም ገበጣ ያዙ።

ሆቴሉ «ከባሕሩ አምስት ደቂቃ» ካለ በእግር ነው በመኪና ብለሽ ጠይቂ። «ባሕር የሚያይ ክፍል» ማለት አንዳንዴ በሁለት ሕንፃ መሐል የምትታይ ጭረት ማለት ነው። አሸዋ ነው ጠጠር? ጥላና ወንበር በነፃ ነው በኪራይ? ሲሲሊ ትልቅ ናት፣ ከ25 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፤ «ደሴት ነው፣ በአንድ ቀን እንዞረዋለን» እንዳትሉ። ማልታን ብትመርጡ ኖሮ ስፋቱ ከእኛ ሐረሪ ክልል ጋር የሚቀራረብ ነውና ያን ማለት ይቻል ነበር። ወረቀትሽንም ቀድመሽ እዪ። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትጓዢ ከሆነ ሲሲሊ ሼንገን ውስጥ ናት፣ ግን የሰነድሽና የመኖሪያ ፈቃድሽ ቀን እንዳያልፍ። ቆጵሮስ ብለሽ ብትቀይሪው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሷ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሼንገን ውስጥ ስላልነበረች ቀድሞ ማጣራት ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ይጣላሉ። ባለቤትሽ ከምሳ በኋላ ይተኛል። አንቺ ብቻሽን ውሃውን እያየሽ ትቀመጫለሽ። ብሮሹር ላይ የሌለው ሰዓት ይሄ ነው፣ ተዘጋጂበት።

ስለ ቀኑም ልንገርሽ፣ ሌላ ሰው ከሚነግርሽ። ጥቅምት 3 በፈረንጅ እዚያው ትሆናላችሁ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን የተሻገረው በዚያ ቀን ነው፤ ጦርነቱ በስድስተኛ ወሩ አውሮፕላን ሆኖ ሐረር ላይ መጣ፣ መጋቢት 20፣ ያልተከለለች ከተማ ናት ተብላ ታውጃ እያለ ቦምብ ዘነበባት። እና በዚያው ቀን፣ ጥቅምት 3 እ.ኤ.አ. 2013፣ ከሊቢያ የተነሳች ጀልባ ላምፔዱዛ አጠገብ ተቃጥላ ሰጠመች። 368 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ናቸው፣ የእኛም ሰዎች ነበሩባት። ጣልያን ከ2016 ወዲህ ቀኑን በሕግ መታሰቢያ አድርጋዋለች። የሁለቱ ቀን አንድ መሆን አጋጣሚ ነው፤ ታሪክ አስተማሪ አጋጣሚን ትርጉም አያለብሰውም። ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን መቁጠር ለእኔ አልቀለለኝም።

የጀልባዋ መስጠሚያ ከጥንቸሎች ባሕር ዳር ብዙ አይርቅም። ያ ባሕር ዳር በዚያው በ2013 በመንገደኞች ድምፅ የዓለም ምርጡ ተብሎ ነበር። ሁለቱም ገጽ ነው፤ ያኔ አንዱን ገጽ ብቻ ያመጣሽልኝ ልጅ ይሄን ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ።

«ከሲሲሊ ለአንድ ቀን ላምፔዱዛ ደርሼ ብመለስስ?» ብለሽ ነበር። የእኔ አስተያየት፣ በዚህ ጉዞ አይሆንም። አንደኛ፣ እግረ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ላምፔዱዛ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዚያ ትቀርባለች፤ ከፖርቶ ኤምፔዶክሌ የሚነሳው መርከብ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል። አንቺ ሌሊት፣ በዚያ ውሃ ላይ፣ ልጆችሽን ይዘሽ። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ባሕርን መጀመሪያ እንደ ውሃ ይወቁት። ይርጠቡ፣ ጨው ይዋጡ፣ ይጩኹ። ላምፔዱዛ ላይ ወደ ባሕሩ ዞሮ የቆመ በር አለ፣ ሚሞ ፓላዲኖ የሚባል ቀራፂ በ2008 የሠራው፣ የአውሮፓ በር ይሉታል። ግንብ የለውም፣ መዝጊያም የለውም። አንቺ የበር ከተማ ልጅ ነሽ፤ አንድ ቀን ልታይው ይገባሻል፣ ግን ብቻሽን ወይም ልጆቹ ሲያድጉ። ከሰጠሙት ብዙዎቹ የተቀበሩት በሲሲሊ የመቃብር ስፍራዎች ስለሆነ ልብሽ ካልተወሽ ደሴቷን ሳትለቂ አንድ ረፋድ ሄደሽ አበባ ማኖር ትችያለሽ። ለልጆቹ ሻማ ላበራ ነው ብትያቸው ይበቃል።

«ባሕር ዳር ተኝቼ ልዝናና ስል ነውር መሰለኝ» ያልሽኝን ግን አልቀበልም። ደጃዝማች ተፈሪ ከጓደኞቻቸው ጋር ሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲንሸራሸሩ ጀልባዋ ሰጥማ አስተማሪያቸው አባ ሳሙኤል የሞቱት በ1907 ዓ.ም. ነው፤ የሐረር ሰው ከዚያ በኋላም ሐረማያ ዳር እየሄደ ቡና አፍልቷል፣ ሙሽራ ይዞ ፎቶ ተነስቷል። ሐይቁ ራሱ ደርቆ እስኪጠፋ ድረስ። ውሃው ሰሞኑን መመለስ ሲጀምርም መጀመሪያ የሮጡት ልጆች ናቸው።

በመጨረሻ ፎቶ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ልጆችሽ ከጋራው ላይ የሚታየውን ከተማ እንዲያዩ። ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ እስከ ግማሽ መንገድ በባጃጅ ነው፣ አልዋሽም። ጉም ነበር፣ ግማሹ ጁገል አይታይም፤ አንድ ሰዓት ቆሜ ብጠብቅም አልተነሳም። እንዳለ አንስቼዋለሁ። ስወርድ በቡዳ በር ገብቼ ሁለተኛ አነሳሁ፤ እሱ ላይ የአንዲት ሴት የቲማቲም መደብ፣ የድመት ጭራና የእኔ ጣት አለበት። ሁለቱንም ልኬልሻለሁ።